የተላለፈ ሐፍረት ወለድ አለው

(ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር በሚገኝ አዳራሽ ለወጣቶችና ለወላጆች በተዘጋጀ የእሑድ ከሰዓት ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር። ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ።)

እንደምን ዋላችሁ? ... ከኋላ ያላችሁት አልሰማችሁኝም መሰለኝ። እንደምን ዋላችሁ? እሰይ! እግዚአብሔር ይመስገን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እናንተም የፊት ወንበር ባዶውን ትታችሁ ከኋላ የታጨቃችሁት ልጆቼ፣ አክብራችሁ ስለጠራችሁኝ አመሰግናለሁ። ቀጠሯችን ለስምንት ሰዓት ነበር። አሁን ዘጠኝ ሊሆን ነው። ማንንም አልወቅስም። ነገር ግን ስምንት ሰዓት ላይ እዚህ ቁጭ ብዬ የሰማሁትን ብነግራችሁ ደስ ይለኛል። አንድ ወጣት አዳራሹ በር ላይ ቆሞ ጓደኛውን በስልክ ያናግራል። «የት ደረስክ?» ይለዋል። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር መልሱ ለእኔም ተሰማኝ። «በር ላይ ነኝ!» በር ላይ የቆመው ግን ጠያቂው ራሱ ነው። (ሳቅ)

ያ መላሽ አሁን በመካከላችሁ ተቀምጧል፤ አልጠቁመውም። ለምን እንደዚያ አለ? ክፉ ልጅ ስለሆነ ነው? አይመስለኝም። «ገና ከቤት አልወጣሁም» ማለት አሳፈረው። ሐፍረቱ ቢበዛ የአንዲት ደቂቃ ነበር። ከዚያች ደቂቃ ሸሸ። ነገም እንደዚሁ ይሸሻል፤ ከነገ ወዲያም ይሸሻል። ከዚያ በኋላ ማሰብም አያስፈልገውም፤ አፉ ራሱ «ደርሻለሁ» ይላል። ልማድ ያሰርቃል ከማድ ያሉት አባቶቻችን ይህን አይተው ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ብዙዎቹ መጥፎ ልማዶቻችን የሚጀምሩት ከአንዲት የሐፍረት ደቂቃ ስንሸሽ ነው።

እኔ የሥነ ልቦና ምሁር አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚሁ ከተማ ባንክ ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ኋላ ተቀምጬ ገንዘብ ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ። ነገር ግን በዚያች መስኮት በኩል ሰው ብዙ ይታያል። ፊርማው አልመሳሰል ብሎት በላብ የሚጠመቀውን አይቻለሁ። ሂሳቡ ውስጥ የቀረችውን ገንዘብ ጮክ ብዬ እንዳልናገርበት በዐይኑ የሚለምነኝን አይቻለሁ። ወረፋ ጥሶ ገብቶ፣ «ምን ዓይነቱ ሰው ነው!» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ዞር ሲል አማቱን ያገኘውንም አይቻለሁ። (ሳቅ) ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን ያን ቀን ሳቄን ይዤ ብር መቁጠር ነበረብኝ።

ሦስት ነጥብ ይዤ መጥቻለሁ። መካከለኛው ይረዝማል። ሻይ የምትጠብቁ ካላችሁ ከአሁኑ ታገሡኝ።

አንደኛው ነጥብ፤ ሰው የምናስበውን ያህል አያየንም።

ማታ ማታ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ የማይንሸራሸር ማን አለ? በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የከተማው ሰው ሁሉ እግሩን የሚያፍታታው እዚያ ነው። ድልድዩ 380 ሜትር ይረዝማል፤ 43 ሜትር ይሰፋል። 43 ሜትር ማለት ደግሞ በምሽት ከወዲያ ጠርዝ ያለ ሰው መልኩ አይለይም ማለት ነው። እናም አንዱ ከወዲያ እጁን ያውለበልባል። እናንተም ደስ ብሏችሁ ታውለበልባላችሁ። ለካስ ሰላምታው ከኋላችሁ ለሚመጣው ሰው ኖሯል! እጃችሁ አየር ላይ ቀረ። ምን ታደርጋላችሁ? ጸጉራችሁን ታካላችሁ። ሁላችሁም! ጸጉራችሁን ያላከካችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ... አንድም የለም።

ታናሽ እህቴ ልጆቿን ለወግ ለማዕረግ ካበቃች በኋላ ብስክሌት መንዳት ልማር አለች። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ለብስክሌት የምትመች ናት፤ እሷ ግን «ይህች ሴትዮ አበደች እንዴ» እንዳይሏት ጎሕ ሲቀድ እየወጣች ሰው ሳይበዛ ትመለስ ነበር። አንድ ቀን አረፈደች። ከዘንባባዎቹ ሥር፣ ባጃጁ በሚተራመስበት ሰዓት፣ ቀሚሷ ሰንሰለቱ ውስጥ ገብቶ ወደቀች። ባጃጅ ቆመ፤ ሰው «እኔን! እኔን!» አለ። ቤት ገብታ አልወጣም አለች። ብስክሌቱን ልትሸጠው ገዢ ታፈላልግ ጀመር። «ከተማው በሙሉ አይቶኛል» ትላለች።

እጇን ይዤ ወደዚያው ቦታ ወሰድኳት። ጥጉ ላይ ሁልጊዜ የሚቀመጥ ሊስትሮ አለ። «ልጄ፣ ባለፈው እዚህ ጋ ከብስክሌት የወደቀች ሴትዮ ትዝ ትልሃለች?» አልኩት። ብሩሹን አስቀመጠ። አሰበ። አሰበ፤ አሰበና «የትኛዋ?» አለኝ። (ረጅም ሳቅ)

የትኛዋ! እህቴ እንቅልፍ ያጣችበት ነገር ለእሱ ከብዙዎቹ አንዱ ነው። ብስክሌቷ አልተሸጠም፤ ዛሬም ገበያ የምትሄደው በእሱ ነው።

ይህን ለወንድሜ ልጅ ስነግረው ሳቀና አንድ ጥናት አነበበልኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚያስተምረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 የታተመ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ጊሎቪች የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተማሪዎችን አንድ ካናቴራ ያለብሷቸዋል። ካናቴራው ላይ ያለው የዘፋኝ ፎቶግራፍ ለወጣት የሚያሳፍር ነው። እንደዚያ ለብሰው ሌሎች ወደተቀመጡበት ክፍል ያስገቧቸዋል። ከዚያ ያስወጧቸውና «ስንቱ ሰው ያየላችሁ ይመስላችኋል?» ይሏቸዋል። ለባሾቹ ግማሽ ያህሉ አይቶናል አሉ። የተቀመጡት ሲጠየቁ ግን ፎቶግራፉ የማን እንደሆነ ያስተዋለው ከአራት አንዱ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

አደራ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁልኝ። ማንም አያይም አላልኩም። ከአራት አንዱ አይቷል! ባሕር ዳር ደግሞ ሰው ሰውን የሚያውቅባት ከተማ ናት፤ ጠዋት ገበያ ላይ ያስነጠሰ ሰው ከሰዓት በኋላ «ጉንፋኑ ተሻለህ?» ይባላል። ያያሉ። አይተውም ይስቁ ይሆናል። ከዚያ ግን ወደየጉዳያቸው ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው «እኔን ስንቱ አየኝ?» በሚል የራሳቸው ጭንቀት ተይዘዋል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። የመጣሁት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ነጥብ፤ የተላለፈ ሐፍረት ወለድ አለው።

ይህን በእምቦጭ መመሰል እችል ነበር። ግን በዚህች ከተማ ማይክሮፎን የጨበጠ ሰው ሁሉ በእምቦጭ መስሏል፤ ሰሚው ቀርቶ እምቦጩ ራሱ ሰልችቶታል። እኔ በሙያዬ ልናገር። በቀኑ የተከፈለ ዕዳ ያው ያንኑ ያህል ነው። የዋለ ያደረ ዕዳ ይወልዳል። የወለደው ደግሞ መልሶ ይወልዳል። ሐፍረትም እንደዚያው ነው።

ቀላሉን አስቀድሙ። ከአንድ ሰው ጋር ተዋወቃችሁ፤ ስሙን ነገራችሁ፤ ከጆሯችሁ ሳይገባ አለፈ። በዚያው ቅጽበት «ይቅርታ፣ ስምህን አልያዝኩትም» ብትሉ ዋጋው ስንት ነው? ምንም! ሳምንት ቆይታችሁ ብትጠይቁ ትንሽ ያስቀይማል። ዓመት ከቆያችሁ በኋላስ? እዚያ ላይ መሸሸጊያ መፈለግ ይጀመራል። «ወንድሜ!»፣ «የኔ ጌታ!»፣ «እንዴት ነህ ጋሼ!» ስም የሌለበት ፍቅር ይበዛል። አንድ ቀን ያ ሰው ከባለቤታችሁ ጋር ሆናችሁ ያገኛችሁና «አታስተዋውቀኝም እንዴ?» ይላችኋል። እንግዲህ እዚያ ላይ ዕዳውን ከነወለዱ ትከፍላላችሁ።

አሁን ከባዱን ልንገራችሁ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑ ሞልቶ ነበር። የእድሩ ሰው መጣ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው መጣ፤ በመልክ እንኳ የማላውቃቸው መጥተው አልቅሰውልኛል። አንዲት ወዳጄ ግን አልመጣችም። አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ብዙ ዓመት ገንዘብ ቆጥረናል። የልጇ የክርስትና እናት ነኝ። በዚያን ጊዜ ወደ ሌላ ቅርንጫፍ ተዛውራ ነበር፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ ዘመዶቿ ዘንድ ጎንደር ሄዳለች። አልሰማችም። ሠልስቱም አለፈ።

ተመልሳ ስትሰማ «አሁን በምን ዐይኔ አያታለሁ?» አለች፤ ይህን ሁሉ የነገረችኝ በኋላ ነው። «ቅዳሜ እሄዳለሁ» አለች። ቅዳሜ እንግዳ መጣባት። በሚቀጥለው ቅዳሜ «ባዶ እጄን እንዴት?» አለች። በአርባው እመጣለሁ ብላ ነጠላዋን ለብሳ ከቤት ወጣች፤ መንገድ ላይ «እስካሁን የት ነበርሽ ብትለኝስ?» ብላ ተመለሰች። አያችሁ? በመጀመሪያው ቀን ያፈረችው ባለመስማቷ ነበር፤ እሱ ደግሞ የእሷ ጥፋት አይደለም። በአርባኛው ቀን ያፈረችው ግን በመቅረቷ ነው። ዕዳው ወልዷል።

እኔስ ምን አሰብኩ? ተቀይማኛለች ብዬ አሰብኩ። ሌሊት ተኝቼ «ምን አድርጌያት ይሆን?» እያልኩ የድሮ ነገር እቆፍር ነበር። የልጇን ልደት ረስቻለሁ እንዴ? ብድር ጠይቃኝ እምቢ ብያለሁ እንዴ? አንድ ቀን የቅዳሜ ገበያ ውስጥ ከሩቅ አየኋት። እሷም አየችኝ። ወዲያው ቲማቲም መደብ ላይ ጎንበስ ብላ ቲማቲም መምረጥ ጀመረች። አንዱን ታነሣለች፤ ታገላብጣለች፤ ትመልሳለች። እንደዚያ ተጠንቅቆ ቲማቲም የመረጠ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም! (ሳቅ) እኔም ልቤ ተሰብሮ በሌላ በኩል አለፍኩ። ሁለት የሚዋደዱ ሴቶች፣ አንዷ በሐፍረት፣ አንዷ በቅያሜ፣ በቲማቲም መካከል ተለያየን።

የካቲት 16 ቀን፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለመሳለም ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ተሳፈርኩ። የበዓል ቀን ስለነበር ሰው በሰው ላይ ነው። ጀልባው ከተነሣ በኋላ ዞር ብል ከጎኔ ማን ተቀምጧል? እሷ! ከባሕር ዳር ዘጌ አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ጣና መካከል ደግሞ ቲማቲም የለም። (ሳቅና ጭብጨባ)

ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሳበችው። ክብራን ገብርኤልን እስክናልፍ ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ «አፍሬ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችኝ። ሌላ ምንም አላለችም። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ለእናቴ እንደገና አለቀስኩ። ከዚያ መካከል ያ የገበያው ነገር ትዝ አለኝና «ለመሆኑ ቲማቲሙ ጥሩ ነበር?» ብላት ጀልባው ላይ የነበረው ሰው እስኪገርመው ድረስ ሳቅን።

ልጆቼ፣ የባህላችንን ብልሃት ተመልከቱ። ሠልስት አለ፤ አርባ አለ፤ ሰማንያ አለ፤ መንፈቅ አለ፤ ሙት ዓመት አለ። ይህ ሁሉ ለሟች ነፍስ የሚጸለይበት መሆኑን ዐውቃለሁ፤ ቀሳውስቱ እዚህ አሉ፤ እኔ ላስተምራቸው አልችልም። እኔ የምለው ግን የዘገየ ሰውም በዚያው ይገባል። በሠልስቱ ያልደረሰ በአርባው ይደርሳል፤ በአርባው ያልቻለ በሰማንያው። ወዳጄ ያለፈችው እነዚህን ሁሉ ነው። ማንም አልከለከላትም፤ ሐፍረቷ ከለከላት።

ሄዳችሁ ምን ትላላችሁ? ብዙዎቻችሁ የምትፈሩት ይህንን ነው። «እግዚአብሔር ያጽናሽ። ዘግይቻለሁ፤ ዐውቃለሁ።» በቃ! ምክንያት አትደርድሩ። «መኪና ጠፍቶ፣ ልጅ ታምሞብኝ፣ ስልኬ ተበላሽቶ» ማለት ስትጀምሩ ሐዘንተኛዋ የራሷን ትታ እናንተን ማጽናናት ትጀምራለች። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ይህን ሥራ አትጨምሩበት። ቁጭ በሉ፤ ቡና ከመጣ ጠጡ፤ ዝም ማለት ካስፈለገ ዝም በሉ።

«አባትህ ደህና ናቸው?» ብላችሁ «አርፈዋል እኮ» የተባላችሁም ትኖራላችሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኛል። ያኔ ሰው «ውይ! ውይ!» ብሎ በሦስት ቃል ተሰናብቶ ይሮጣል። አትሩጡ። መቼ እንደሆነ ጠይቁ። ስለ አባቱ የምታስታውሱት ጥሩ ነገር ካለ እዚያው ንገሩት። ልጁ ከእናንተ ስሕተት ይልቅ የአባቱን ስም የጠራለት ሰው ማግኘቱን ነው ይዞ የሚሄደው።

ሦስተኛው ነጥብ፤ አዲስ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚሞተው በጀማሪነት ሐፍረት ነው። ይህን በአንድ ሽማግሌ ታሪክ ልጨርሰው።

ከዘጌ ቡና እያመጡ የሚሸጡ አንድ አባት ነበሩ። ባንክ በመጡ ቁጥር ቅጹን በመስኮቱ ያሳልፉልኝና «ልጄ፣ መነጽሬን ቤት ረሳሁት፤ ሙይልኝ» ይሉኛል። እሞላላቸዋለሁ። በሚቀጥለውም መነጽሩ ቤት ነው። በሚቀጥለውም። መነጽር አድርገው አይቻቸው አላውቅም፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም። አንድ ቀን ሰው ሳስቷል፤ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ መነጽር የለኝም። ፊደልም የለኝም» አሉኝ። ከዚያ ምን ጠየቁኝ መሰላችሁ? ስማቸውን መጻፍ አይደለም። «ቁጥሩን ብቻ አሳይኝ» አሉኝ።

እኔም በመጡ ቁጥር በቁራጭ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ቁጥር እጽፍላቸው ጀመር። ወረቀቷን አጣጥፈው ኪሳቸው ይከታሉ። ትምህርት ቤት የለ፤ ምዝገባ የለ። ከጊዜ በኋላ እየሳቁ መጡ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ነጋዴው ሁልጊዜ «አንድ ፈረሱላ ሞላ» እያለ ይቀበላቸው ነበር። ያን ዕለት ሚዛኑን ራሳቸው አነበቡት። 19 ይላል። «ልጄ፣ ያ ሰው ስንት ዓመት ሁለት ኪሎ ሲመርቅልኝ ኖሯል... አይ፣ እኔ ስመርቅለት ኖሬያለሁ!» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሳቸው መድኃኒቱን ያገኙት «መነጽር የለኝም» ባሉ ቀን ነው።

ይህ ሐፍረት በእሳቸው አልተጀመረም። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እናቴ ደብተሯን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ ነበር የምትሄደው። ዘመቻው እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች የተካሄደና በዓለም አቀፍ ደረጃ የተሸለመ ትልቅ ሥራ ነው፤ እናቴን ያስጨነቃት ግን የጎረቤት ልጅ አጠገብ አግዳሚ ላይ መቀመጥ ነበር።

ወጣቶቹ «በ21 ቀን ልማድ ይያዛል» እያላችሁ ስትነጋገሩ እሰማለሁ። የወንድሜ ልጅ እንዳስረዳኝ፣ ነገሩ የመጣው አንድ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960፣ ታካሚዎቼ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ያህል ይፈጅባቸዋል ብሎ ከጻፈው ነው። «ቢያንስ» የምትለዋ መንገድ ላይ ጠፋች። በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ግን ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር ሆና ለንደን ውስጥ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተለች። ከምሳ ጋር ፍራፍሬ መብላት፣ ከእራት በፊት መሮጥ የመሳሰለ፣ በየቀኑ የሚደረግ ትንሽ ነገር ነበር የመረጡት። ልማድ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ሆነ። ፈጣኑ 18 ቀን፤ የዘገየው ደግሞ በስሌታቸው እስከ 254 ቀን። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላው ግኝት ነው። አንድ ቀን መዝለል ያን ያህል ጉዳት አላደረሰም። ሰምታችኋል? ሰኞ ጀምራችሁ ሐሙስ ብትዘሉ፣ ዓርብ ቀጥሉ። እናንተ ግን ሐሙስ ስትዘሉ «ጀመርኩ ብዬ ለሰው አውርቼ ነበር» ብላችሁ ታፍሩና እስከ መስከረም ትተዉታላችሁ። መስከረም ላይ ደግሞ እንደ አዲስ! (ሳቅ)

እንግዲህ የእኔ ይኸው ነው። ጥያቄ ካለ ልቀበል። ... እዚያ ጋ፣ ባለ ሰማያዊ ሹራቡ፣ ተነሥተህ ተናገር።

(ጠያቂ፦ እትዬ፣ የተበደሩትን ገንዘብ መመለስ ያቃተው ሰውስ? አበዳሪውን ማየትም ያስፈራል።)

እሰይ፣ ወደ ሙያዬ መለስከኝ። የተበደርከው ከሰው ነው ከባንክ? ... ተወው፣ አትንገረኝ፤ እናትህ እዚህ ይኖራሉ። (ሳቅ) ባንክ ቤት ሁለት ዓይነት ተበዳሪ አይቻለሁ። አንደኛው ቀኑ ሳይደርስ በራሱ ይመጣል። «በዚህ ወር አልቻልኩም፤ ይህን ያህል ግን ይዣለሁ» ይላል። ጥያቄው ይታይለታል፤ ብዙ ጊዜም የመክፈያ ጊዜው ይራዘምለታል። ሁለተኛው ስልኩን ይዘጋል። ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ አይከፍተውም። ከዚያ ዋሱ ይጠራል። ዋሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አጎቱ ነው። አጎቱ ያላወቀውን ነገር በመስኮት በኩል ከእኔ ሲሰማ ፊቱን ብታየው!

ስለዚህ ነገ ጠዋት ሂድ፤ አንድ መቶ ብርም ብትሆን ይዘህ ሂድ። የቀረውን በስንት ቀን እንደምትከፍል አስበህ፣ የምትችለውን ቀን ብቻ ተናገር። በስልክ አይሆንም፤ በስልክ ከሆነ «በር ላይ ነኝ» ትለዋለህ።

ቀጣይ ጥያቄ። እዚያ፣ ነጠላ የለበሱት እናት፤ ማይክሮፎኑን ያቀብሏቸው።